የከርነል ኑዛዜ

በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ማኅደረ ትውስታውን፣ ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን እንደ ፈቃዳቸው አይነኩም፤ ከርነል የተባለው የስርዓተ ክወናው እምብርት ለእያንዳንዱ ድርሻውን እየሰፈረ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደርስ እየጠበቀ ያስተዳድራቸዋል። ከእነርሱ አንዱ ቢስት ከርነሉ ያንኑ ብቻ አስወግዶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ራሱ ከርነሉ የሳተ እንደሆነ ግን ከበላዩ ሆኖ የሚያርመው ስለሌለ፣ ከመውደቁ በፊት በቀረችው ቅጽበት የደረሰበትን ቆጥሮ ይናዘዛል። ይህን ኑዛዜ ሳይጎድል መቀበልና በትክክል መፍታት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስ ስሕተቱን በሁለት ማዕርግ ይለየዋል። ኡፕስ የሚባለው ጥፋቱ የተገኘበትን ሂደት ገድሎ ለመቀጠል የሚሞክርበት ሲሆን፣ ፓኒክ የሚባለው መቀጠል ከማቆም የከፋ ጉዳት ያመጣል ብሎ ፈጽሞ የሚቆምበት ነው። ከኡፕስ የተረፈ ከርነል ቆሞ ቢሄድም፣ የሞተው ሂደት የያዘውን መቆለፊያ ሳይለቅ ሄዶ ሊሆን ይችላልና፣ ኋላ የሚመጡት መልእክቶች ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ጥፋት ውላጆች ናቸው፤ ስለዚህ መርማሪ አስቀድሞ የሚሻው የመጀመሪያውን ነው።

መልእክቱ ላልለመደው ዐይን ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው መስመር ከርነሉ አድራሻ 8ን ሊያነብ ሲል ወደቀ የሚል ቢሆን፣ አዋቂው ወዲያው የሚጠረጥረው፣ አንድ ፋንክሽን ባዶ ጠቋሚ ተቀብሎ፣ እውነተኛ መዋቅር ያገኘ መስሎት፣ ከመዋቅሩ መነሻ 8 ባይት ርቆ የሚገኘውን ክፍል እንደፈለገ ነው። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ የቆመበት ፋንክሽን ስም ከሁለት ቁጥሮች ጋር ይመጣል፤ ፊተኛው ከፋንክሽኑ መነሻ ስንት ባይት ገብቶ እንደቆመ፣ ሁለተኛው የፋንክሽኑን ሙሉ ርዝመት ያመለክታል። የጥሪ ሰንሰለቱም ማን ማንን ጠርቶ እዚያ እንደተደረሰ ይዘረዝራል፤ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ነገሩ ከጥንተ መነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተል ይገለጣል። ምንጩ ያልተገለጠ ድራይቨር ተጭኖ እንደነበረም ከርነሉ በፊደል ምልክት ያስታውቃል።

ከ2.6 እትም በፊት የነበሩት የሊኑክስ ከርነሎች አድራሻውን እንጂ ስሙን አይሰጡም ነበርና፣ ሰዎች ከስክሪን ላይ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጠው ኬሲምኡፕስ በተባለ መሣሪያ ከስሙ ጋር ያዛምዱ ነበር፤ አንዲት አኃዝ የተዛባች እንደሆነ ምርመራው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄድ ነበር። ዛሬ ከርነሉ የስሞቹን ሰንጠረዥ ራሱ ይዞ ይዞራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 6.12 ጀምሮም መልእክቱን በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪው አር ኮድ አድርጎ በስክሪኑ ላይ መሳል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የከበደው ጥያቄ፣ ጸሐፊው ራሱ በሽተኛው መሆኑ ነበር፤ የተበላሸ ከርነል በዲስክ ላይ ልጻፍ ቢል ጤናማውን መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በዚህ ሙያ ከታዩት ብልኀቶች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ነው። ኤሪክ ቢደርማን በጻፈው፣ አንዱ ከርነል ሌላውን በቀጥታ በሚያስነሣበት ኬክሴክ በተባለ ስልት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 2.6.13 የገባው ኬደምፕ፣ ኮምፒዩተሩ ገና በደኅናው ሳለ ጥቂት ማኅደረ ትውስታ ከልሎ ሁለተኛ ከርነል ያኖርበታል፤ ዋናው ሲወድቅም ይኸኛው ከተከለለለት ስፍራ ተነሥቶ፣ የሟቹን ማኅደረ ትውስታ እንደ አንድ ፋይል አንብቦ ወደ ዲስክ ወይም በኔትዎርክ ወደ ሌላ ማሽን ያሻግራል። ክራሽ የተባለው መሣሪያ ይህን ቅጂ፣ የማረሚያ መረጃው ሳይገፈፍ ከተቀመጠው የዚያው ከርነል ፋይል ጋር አጣምሮ ይከፍተዋል፤ መርማሪውም ማሽኑ ወደ አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በዚያች ቅጽበት ማን ምን ይሠራ እንደነበረ፣ የትኛው ሂደት የትኛውን መቆለፊያ ይጠብቅ እንደነበረ በእርጋታ ይመረምራል። ፋይሉ ከሌላ ግንባታ የወጣ እንደሆነ ግን አድራሻዎቹ ከስሞቹ ጋር ስለማይገጥሙ፣ ቅጂው ምንም ሙሉ ቢሆን አይፈታም።