ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ውጭ የወጣችው ሸክላ

ጋፋት ቆሞ ስለ ዘመናዊ ዘፈን ማውራት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ቦታ የሚታወቀው በመድፍ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች እዚህ አስፍረው መድፍ አሠሯቸው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚሁ ነው። እኔ ግን ስለ ጋፋት ባሰብኩ ቁጥር ከመድፉ ጎን አንዲት ትንሽ ሸክላ ትመጣብኛለች። ከመድፉ መቶ ዓመት ያህል ዘግይታ አዲስ አበባ ላይ ለገበያ የወጣች፣ ግራና ቀኟ አንድ አንድ ዘፈን የያዘች ሸክላ። ጥበብ በማን ትእዛዝ እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚቀርና እንዴት እንደሚተርፍ የምታስተምረኝ እሷ ነች።

ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነው፤ ዘፈኑ «ትማርኪያለሽ»፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1969። አሳታሚው አምሃ እሸቴ የሚባል፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነጋዴ ነው። ያቺ ሸክላ አምሃ ሬከርድስ የተባለው የግል አሳታሚ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። ዛሬ ዘፋኝ ነጠላ ዜማ ሲለቅ የሚያስጨንቀው ዩቲዩብ ላይ ስንት ሰው እንደሚያየው ነው። ያን ጊዜ ግን የሚያስጨንቀው ሕጉ ነበር።

ሕጉን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን ገብቶ ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የንጉሣዊው መንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ ኦርኬስትራዎችም የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ነበሩ። ትልልቆቹ ድምፃውያን፣ ጥላሁን ገሠሠን ጨምሮ፣ ወታደራዊ መለዮ ለብሰው፣ በደመወዝ፣ ባለቃ ትእዛዝ ይዘፍኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን እስር ቤት መግባቱ ይታወሳል። ዘፋኙ የጦር ሰፈሩ ሰው ስለነበር የሰፈሩ መዘዝ አልቀረለትም።

ሸክላ ማሳተምም እንዲሁ የተያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ግን በመብቱ እምብዛም አልተጠቀመም። ሕዝቡ በየምሽት ክበቡ የሚወደው አዲስ ድምፅ በአየር ላይ ቀርቶ ማለዳ ይረሳ ነበር። አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን እያወቀ፣ ሊያስከፍለው የሚችለውንም እያወቀ፣ ዓለማየሁን አስቀርፆ ሸክላውን አወጣ። ይህ በእኔ ዕይታ ከዘመኑ ደፋር ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሰይፍ ሳይመዘዝበት፣ መፈክር ሳይሰማበት የተሠራ ድፍረት።

ዓለማየሁስ? እሱም ያን ጊዜ ራሱን እንደገና እየሠራ ነበር። በልጅነቱ ኤልቪስ ፕሪስሊን እየመሰለ የሚጫወት፣ ሆሊውድ እደርሳለሁ ብሎ እስከ ምጽዋ ጠፍቶ የሄደ ልጅ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የፖሊስ ኦርኬስትራ ሲገባ ድምፁን ሰጥቶ መለዮውን ለበሰ። በአስመራ ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ የሚሰማው ሶል እና ሮክ፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በሻንጣቸው ይዘው የመጡት ሸክላ፣ ከተማው ውስጥ የሚያንዣብበው አዲስ ነገር ሁሉ ግን ከፖሊስ ኦርኬስትራው ውጭ ይጠራው ነበር። አቀናባሪው ግርማ በየነ አጠገቡ ሲሆን ነገሩ መልክ ያዘ። ሁለቱ በኋላ «ዓለም ግርማ» የሚባል ባንድ እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። የግርማ ቅንብር የኦርኬስትራውን ሞገስ ትቶ ለጊታሩ፣ ለኦርጋኑና ለድምፃዊው መተንፈሻ ቦታ ይሰጣል። ዓለማየሁ በዚያ ቦታ ላይ ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ ዜማውን አንዴ ይሰብረዋል፣ አንዴ ያለዝበዋል። «የአበሻው ጄምስ ብራውን» የሚለው ቅጽል ስም የመጣው ከዚህ ነው። እኔ ግን ስሙ ግማሹን ብቻ ይመስለኛል የሚናገረው፤ ጩኸቱን ከአሜሪካ ቢወስደውም ድምፁ ሲጎተትና ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው የእኛው አገር ዜማ ነው። ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

እዚህ ላይ ጋፋት ስላለበት ስለ ደቡብ ጎንደር አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ሊቃውንቱ ግን በአቋቋም ያውቋቸዋል። የጣናን ማዕበልና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ ሲያወጡ ጎንደር አልተቀበላቸውም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ «የተክሌ አቋቋም» ሆኖ ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ የሚዘመም እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማና የምሽት ክበብ ዘፈን አንድ አይደሉም፣ አንድ ሊሆኑም አይገባም። ግን አዲስ እንቅስቃሴ መጀመሪያ ሲመጣ «ይኼ ነውር ነው» የሚለው ድምፅ በሁለቱም ቦታ ተሰምቷል፤ በሁለቱም ቦታ ደግሞ ተቀባይ አላጣም።

ሸክላዋን በቅርብ እንያት። በተለምዶ ባለ 45 የምትባለው ከ17 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ ክብ ነች፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ትሽከረከራለች። መሐሏ ላይ ያለው ቀዳዳ ከትልቋ ሸክላ ቀዳዳ የሰፋ ነው። ዘፈኑ ከውጭ ጠርዝ ጀምሮ ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም ቦይ ውስጥ ተቀምጧል። ቦዩ ፀጉር የሚያክል ቀጭን ነው፤ ግድግዳው ድምፁ እንዳወዛወዘው ይወዛወዛል። መርፌው ቦዩን ሲከተል አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ንቅናቄው ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል፣ አምፕሊፋየሩ ያሳድገውና ከድምፅ ማጉያው ይወጣል። አንድ ፊት የሚይዘው ሦስት፣ አራት ደቂቃ፣ ቢበዛ አምስት ያህል ነው። ስለዚህ አቀናባሪው መግቢያውን ማሳጠር፣ ድምፃዊው ዋናውን ነገር ቶሎ መናገር ግድ ይለዋል። የዚያ ዘመን ዘፈኖች እንደዚያ ጠበቅ ያሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ አንድ አዛውንት ያስቀመጡትን ሸክላ ሲያሳዩኝ በሁለት መዳፋቸው ጠርዙን ብቻ ይዘው ነበር።

«ጋሼ፣ ያስቀሩት ትዝታ ሆኖብዎት ነው?» አልኳቸው።

«ሸክላ ሲሆን መሐሉን አትንካ ልጄ፤ ጣት ቅባት ይተዋል» አሉኝ፣ ጥያቄዬን ሳይመልሱ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ አዘንብለው ብርሃን ላይ አገላበጡት። ጭረት በብርሃን ላይ እንደ ነጭ ክር ይታያል፤ ዘፈን ያለበት ቦይ ግን ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ድምፅ በዓይን የሚታይ ነገር መሆኑ እስከዛሬ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ጋፋት እንመለስ። አምሃ አዲስ አበባ ላይ ቀርፆ ሸክላውን የሚያትምለት ፋብሪካ አልነበረውም። ማስተር ቴፑን ወደ ውጭ ልኮ ያሳተመ ሲሆን ሸክላዎቹ በተለያየ ጊዜ ህንድ፣ ሊባኖስና ግሪክ ተጨምቀው ይመጡ ነበር። ቴዎድሮስ የፈለጉት ተቃራኒውን ነው፤ ሥራው እዚሁ አገር፣ በዚህ አፈርና በዚህ እጅ ይሁን ነበር ያሉት። ምኞታቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ግን የጋፋት ሥራ የቆመው በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ላይ ስለነበር ንጉሡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ ሥራውም አብሮ ቆመ። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ከአንድ ፈቃድ በላይ የሚያቆመው ነገር አልነበረውም። ሴባስቶፖል ግን መቅደላ አናት ላይ ዛሬም አለ፤ አምሳያውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሁሌም እናየዋለን።

የአምሃ ሥራ ዕጣ ፈንታ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ባለ 45 ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። ካይፋን የመሳሰሉ ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉት፤ በሩ አንዴ ሲከፈት መልሶ የሚዘጋው ጠፋ። ደርግ ከመጣ በኋላ የሰዓት እላፊ ክበቦቹን ባዶ አደረጋቸው፤ አምሃም እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ ወደ አሜሪካ ሄደ። ዓለማየሁ ግን አልሄደም፤ ቆይቶ ዘፈነ። በካሴት ዘመን ሸክላ ከገበያ ጠፋች፤ ቀድሞ የታተሙት ግን በየሰው ሳሎን፣ በየቡና ቤቱና በየውጭ አገሩ ተበትነው ነበርና ማንም ሰብስቦ ሊያጠፋቸው አልቻለም። ጋፋት አንድ ግዙፍ ነገር ሠራ፤ አምሃ ብዙ ትንንሽ ነገር በተነ። ለእኔ የሸክላዋ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱን፣ የማህሙድ አሕመድን ሥራ፣ ሰምቶ ተማርኮ መጣ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» የሚባለውን ተከታታይ ሲዲ አወጣ። ከተከታታዩ ዘጠነኛው ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለማየሁ ከማህሙድና ከሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ጋር ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ላይ በአሜሪካኖቹ አይዘር ኦርኬስትራ ታጅቦ ዘፈነ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ያረፈው ዓለማየሁ በመጨረሻው ዘመኑ ከዓለም ብዙ ክብር አገኘ፤ ከገዛ አገሩ አድማጭ የሚመጣው ክብር ይህን ያህል ባይዘገይ ደስ ይለኝ ነበር።

ከተበተኑት ሸክላዎች አንዱ ወላጆችህ ወይም አያቶችህ ቤት በጣውላ ሣጥን ውስጥ ካለ አትጣለው። በላይ በላይ ከመደርደር ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ከባዱ ሸክላ ስር ያለውን ያጎብጠዋል። ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት አርቀው። አቧራውን በቦዩ አቅጣጫ፣ ከጠርዝ ወደ መሐል ሳይሆን ክቡን ተከትለህ፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረገው። የድሮው መርፌ ያለቀ ከሆነ በዚያ መርፌ ከማጫወት አለማጫወት ይሻላል፤ ያለቀ መርፌ ቦዩን ቆፍሮ ዜማውን ይበላዋል። በሽፋኑ ላይ ያለውን የዘፋኙን፣ የዘፈኑንና የአሳታሚውን ስም ከቁጥሩ ጋር በወረቀት መዝግበህ አብረህ አስቀምጥ፤ ሸክላዋ ብትሰበር እንኳ ማን ምን እንደዘፈነ ይታወቃል።