የቂሊንጦ መሬትና የጦርነት ሂሳብ

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። በዚያው አካባቢ ግን ዋሊያ ቢራ የሚጠመቅበት የሄኒከን ፋብሪካ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በ279 ሄክታር ላይ የተንጣለለው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ወረድ ሲሉ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ የቆመው ከአንድ ትውልድ በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር ያመርቱበት በነበረው መረሬ ላይ ነው። ቂሊንጦ ስለምትገኝበት ስለ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሲወራ የተለመደው ማብራሪያ አጭር ነው፦ ከተማ ያድጋል፣ ፋብሪካ ሰፊ ሜዳና ውሃ ይፈልጋል፣ ገበሬው ይነሣል። ይህ ማብራሪያ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። አካባቢውን የቀረጸው ኢንዱስትሪው መምጣቱ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው መቋረጡም ነው። ያቋረጠው ደግሞ በአመዛኙ ጦርነትና ጦርነቱን ተከትሎ የሚመጣው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። መሬት የሚሰጠው አንድ ጊዜ፣ ለዘለቄታው ነው፤ በልዋጩ ቃል የተገባው ሥራ ግን ከትውልድ ትውልድ አልሻገር ብሏል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ የዋና ከተማዋ የደቡብ በር ሆነች። ጭነት የሚራገፍበት፣ መጋዘን የሚሠራበት፣ በኋላም ፋብሪካ የሚተከልበት መስመር ያኔ ተሰመረ። በ1927 ዓ.ም አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ አቃቂ ላይ የሬዲዮ ማሠራጫ ጣቢያ ገንብቶ አስረከበ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ መንግሥት በዚያው ጣቢያ የጣሊያንን የወረራ ዝግጅት ለዓለም ያሰማ ጀመር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ጦርነቱ ፈነዳ። ከድል በኋላም ቢሆን ጦርነቱ ከአካባቢው ሕይወት አልወጣም፤ በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። የአዲስ አበባና የአቃቂ ፋብሪካዎች በሰፊው ኃይል ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የነበረው አነስተኛው የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አቁሞ፣ በቻይናውያን ታድሶ ዳግም ኃይል የሰጠው በ2009 ዓ.ም ነው። የህንዱ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ በጋራ ያቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የተወለደው በዚሁ በቆቃ ዘመን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ጦርነት ኢንዱስትሪን ያቆማል ብሎ በጅምላ መናገር ይቻላል ወይ? የአሜሪካ ምዕራብ ተቃራኒውን ይመሰክራል። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ያለው የግራንድ ኩሊ ግድብ የተጀመረው በ1933 እ.ኤ.አ.፣ ሥራ አጥነት አሜሪካን ባጎሳቆለበት ጊዜ፣ ለሕዝብ ሥራ ለመፍጠር ጭምር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኃይሉ የአሉሚኒየም ማቅለጫዎችን አንቀሳቀሰ፤ ቦይንግ ሲያትል ላይ ቢ-17፣ ሬንተን ላይ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን አመረተ፤ ሃንፎርድ ላይ የኑክሌር ፋብሪካ ተተከለ። ጦርነት ያንን ግዛት ከእርሻና ከእንጨት ሥራ አውጥቶ የፋብሪካ ግዛት አደረገው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ለዋሽንግተን ግዛት ጦርነቱ የተካሄደው ሌላ አገር ላይ ነበር፤ ሂሳቡም የተከፈለው የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በሚያትመው ዶላር ነው። የእኛ ጦርነት የሚካሄደው በገዛ ምድራችን ነው፤ ጥይቱም፣ ነዳጁም፣ የታንክ መለዋወጫውም የሚገዛው ቡና ሸጠን ባገኘነው የውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ እዚያ ፋብሪካ የሰጠው ጦርነት እዚህ የፋብሪካውን ዶላር ይወስዳል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አንድ የሽመና ክፍል ውስጥ ገብቶ ማየት ነው። ማሽኑ የሚዞረው በኩሽኔታና በቺንጋ ነው፤ ጨርቁ የሚቀለመው ከውጭ በሚገባ ኬሚካል ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ ፋብሪካው ኤል ሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወደ ባንክ ይሄዳል፤ ባንኩ ተራ ጠብቅ ይለዋል። በመጠበቂያው ጊዜ የጥገና ሠራተኛው ከቆመ ማሽን አንዱን ፈትቶ ለሌላው ይገጥማል። ሦስት ማሽን ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አንድ ይሆናል። ከዚያ የሌሊት ፈረቃ ይቀራል፣ ቀጥሎ የማታው። ሠራተኛው በደመወዙ ግማሽ እቤትህ ተቀመጥ ይባላል። አንድ ፋብሪካ በዚህ መንገድ ሲዳከም በጋዜጣ የሚወጣ ዜና የለውም፤ ከዓመታት በኋላ ግን በሩ ተዘግቶ ይገኛል።

የአቃቂ ሠራተኛ ይህን ዑደት ከአንድ ጊዜ በላይ አይቷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው የሠራተኛ ሕግ ማኅበር ማቋቋም ፈቀደ፤ በየካቲት መጨረሻ 1966 ዓ.ም የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን ለአራት ቀናት አናወጠ። ሠራተኛው መብቱን ሊጨብጥ ነው የተባለበት ወቅት ነበር። በጥር 1967 ዓ.ም ደርግ 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስ ብዙዎች ደስ አላቸው። ዓመት ሳይሞላ ኮንፌዴሬሽኑ ታገደ፤ ቀጥሎም ሶማሊያ ወረረች። በሰሜንም ጦርነቱ ተፋፋመ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር በግድግዳ ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም፤ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ የሚከፋፈልበት ቅደም ተከተልም ነበር። ደርግ ከሰሃራ በታች ካሉት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱን ሲገነባ ፋብሪካዎቹ በአሮጌ ማሽን እየተንገዳገዱ ቀሩ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም መንግሥት ተለወጠ። ከሳምንት በኋላ፣ በግንቦት 27፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል የነበረ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ። የፎቶ ጋዜጠኛው ሞሐመድ አሚን እጁን ያጣው፣ የሥራ ባልደረባው ጆን ማታይም የሞተው እዚያ ነው። ጥይት ከመኖሪያና ከፋብሪካ ሰፈር ጎን የተከማቸበት ከተማ የጦርነቱን የመጨረሻ ዕዳ የከፈለው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነበር። ወዲያው የገበያው ፈተና መጣ። በመስከረም 1985 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር በአንድ ዶላር ተለወጠ፤ ከውጭ የሚመጣው ኬሚካልና መለዋወጫ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ተወደደ። በሌላ በኩል ሰልባጅ ገበያውን አጥለቀለቀው። በአሮጌ ማሽን የተሠራ የአቃቂ ጨርቅ ከሰልባጅ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አልቻለም። ከግንቦት 1990 ዓ.ም ጀምሮ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ደግሞ የአሰብን ወደብ ዘጋ፤ የአገሪቱ ጭነት ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ መንገድ ላይ ተጨናነቀ።

ጥፋቱ የጦርነት ሳይሆን የአስተዳደር ነው የሚል ሰው አለ፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የተወረሱት ፋብሪካዎች በሹመኞች ተመርተው መክሰራቸው እውነት ነው። ለዚህ ከአቃቂ የተሻለ ማስረጃ የለም። የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ የተቋቋመበት ሐሳብ ትክክል ነበር፦ አገር ውስጥ የሚሠራ ጥርስና ዘንግ ለፋብሪካዎች ዶላር ያድናል። በ2002 ዓ.ም ግን ፋብሪካው በመከላከያ ሰዎች ለሚመራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። ሜቴክ ከስኳር ፋብሪካ እስከ ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ሁሉን እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም የግድቡ ውል ተነጠቀ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም ኃላፊዎቹ በሙስና ተጠርጥረው ታሠሩ። ይህ የአስተዳደር ጥፋት ነው። ነገር ግን የሲቪል ፋብሪካን ለወታደራዊ ተቋም የማስረከቡ ልማድ ራሱ ከየት መጣ? መንግሥት በታሪኩ የሚተማመንበት፣ ቶሎ ይታዘዛል ብሎ የሚያምነው ድርጅት ሠራዊቱ በመሆኑ ነው። ያንን ታሪክ የጻፈው ጦርነት ነው። አስተዳደሩና ጦርነቱ ሁለት የተለያዩ መልሶች ተደርገው ሊቀርቡ አይገባም።

የቂሊንጦ ፓርክ የዚህ ሰንሰለት የቅርቡ ቀለበት ነው። የዓለም ባንክ በ2006 ዓ.ም 250 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት ፕሮጀክት ለሁለት ፓርኮች ነበር፤ ቦሌ ለሚ ቁጥር ሁለት ለልብስ፣ ቂሊንጦ ደግሞ በኋላ ለመድኃኒት የተመደበ። በዚያው ሰሞን ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ተከፈተ፤ ቂሊንጦ ከወደብ መስመር ጋር ተያያዘች። ከዚያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ተሰረዘች፤ ከዚያ አስቀድሞ የሐዋሳ ፓርክ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች ወጥቶ ነበር። የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሥራቸውን ያጡት የሠሩት ልብስ ስለተበላሸ አልነበረም።

የመድኃኒት ፓርኩን የሚደግፉ ሰዎች እዚህ ላይ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። መድኃኒት ለአገር ውስጥ ገበያ ነው የሚመረተው፤ የአሜሪካ ቀረጥ አያገባውም፤ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት በቀነሰ ቁጥር ዶላር ይድናል ይላሉ። እኔም ከልብስ ይልቅ መድኃኒት የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን በእንክብሉ ውስጥ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር፣ ማሸጊያው፣ የላቦራቶሪው ሪኤጀንት በአብዛኛው ከህንድና ከቻይና ነው የሚመጣው። የኩሽኔታው ወረፋ እዚህም አለ፤ ከዚያም ይከፋል፤ ምክንያቱም ጨርቅ ቢዘገይ ሰው አሮጌ ይለብሳል፣ ኢንሱሊን ቢዘገይ ግን ምትክ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረፋው ቀነሰ ቢባል እንኳ የግብአቱ ዋጋ በታማሚው ኪስ ላይ አረፈ። የፓርኩ ዕጣ በአጥሩ ውስጥ ብቻ አይወሰንም፤ አገሪቱ ሰላም ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ይወሰናል።

ወንዙም የዚሁ ሂሳብ አካል ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከመሃል ከተማ የቆዳ ፋብሪካ፣ የቀለም፣ የቤት ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ አቃቂ ላይ በዚያ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ቅጠሉ ተመልሶ ወደ ከተማ ገበያ ይገባል። አባ ሳሙኤል ሐይቅ በእምቦጭ ተሸፍኗል። የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች አንድ ትልቅ ክፍልም በዚሁ በአቃቂ ሜዳ ሥር ነው። አትራፊ ፋብሪካ ማጣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ ኤል ሲ የሚጠብቅ ፋብሪካ መጀመሪያ የሚቆጥበው ከማጣሪያው ነው። የሃንፎርድ የኑክሌር ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ አሜሪካ የኮሎምቢያ ወንዝን ዳርቻ ለማጽዳት አሁንም በየዓመቱ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ታወጣለች። እኛ በኋላ የምናጸዳበት ገንዘብ የለንም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መከላከሉ ለእኛ ግዴታ ነው።

ማረሚያ ቤቱንም ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም። በ2008 ዓ.ም በኦሮሚያ የተቀጣጠለው ተቃውሞ መነሻው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን፣ ማለትም የእነዚሁ የከተማ ዳር ገበሬዎች መሬት ነበር። በተቃውሞው የታሠሩ ሰዎች ፍርድ የሚጠብቁት ቂሊንጦ ውስጥ ነበር። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም እስር ቤቱ ተቃጠለ፤ መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን አመነ። መሬት የወሰደው ልማትና በመሬት የተቆጡትን ያሰረው ግንብ አንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ፋብሪካ ባይመጣም ከተማው መሬቱን ይወስደው ነበር የሚል መልስ ይሰጣል። ምናልባት። ጥያቄው ግን የተወሰደበት ሰው በምን ሂሳብ ተከፈለው የሚለው ነው። በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ገበሬው የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። መሻሻል ነው። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በብር የሚከፈሉ ናቸው። ብር ደግሞ በጦርነት ማግሥት እንደምትወድቅ ሰባ ዓመት ባልሞላ የአቃቂ ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ደጋግመን አይተናል። ካሣውን ባንክ ያስቀመጠ ገበሬ በዶላር ሲሰላ የገንዘቡን ግማሽ ያህል ዋጋ አጥቷል፤ መሬቱን የያዘው ግን ንብረቱ በብር ዋጋ ጨምሮለታል። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ከቂሊንጦ ሼዶችና መሬት ከሚሰበስበው ኪራይ ላይ የተወሰነ ድርሻ፣ በየዓመቱ፣ ከመሬቱ ለተነሡት ቤተሰቦች ቢመደብ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት አደጋ ይሸከማሉ፤ ፓርኩ ሲሠራ ያገኛሉ፣ ሲቆም ደግሞ ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ ባለድርሻ ይኖራል። ይህን ለመጀመር አዲስ ብድር አያስፈልግም፤ የኪራይ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል።