የወላጅ ሥልጣንና የሕፃኑ ጥቅም፦ ከዱቡሻ እስከ ሰበር ችሎት



ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ ከፍ ብሎ የሚገኘው ኦቾሎ ጉዳዩን በዱቡሻ ተሰብስቦ በመምከር የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያጠናውም ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓት ነበር። የዛሬው ጥያቄያችን፣ በሕፃን አስተዳደግ ላይ ጠብ ሲነሣ በሽማግሌዎች ፊት የሚደረግ ዕርቅ ወሰኑ የት ነው የሚል ነው።

በምሳሌ እንየው። እናቱ የሞተችበትን የአሥር ዓመት ልጅ አክስቱ በኦቾሎ አሳድጋዋለች እንበል። አባቱ እንደ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች ኑሮውን በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ካደረገ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን መጥቶ «ልጄን ስጡኝ» ይላል። ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ አባትየው አክስቲቱን አመስግኖ ልጁን እንዲወስድ ይስማማሉ። ሰላም ወረደ፤ ልጁን ግን የጠየቀው የለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህል ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። እዚህ ግን የፈቀዱት አባትና አክስት ናቸው። ልጁ የክርክሩ ምክንያት እንጂ የስምምነቱ ወገን አልነበረም። አንቀጽ 36(2) ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕፃኑ ጥቅም እንደሆነ ይደነግጋል።

ይህ ድንጋጌ በተግባር የተፈተነው በዚያው በቀድሞው የደቡብ ክልል በተነሣ ክርክር ነው። ከእናት ሞት በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት ልጁን ያልተንከባከበ አባት አሳዳጊነትን ጠየቀ፤ ልጁን ያሳደገችው አክስት ተቃወመች። የክልሉ ፍርድ ቤቶች አንዱ ወላጅ ሲሞት ሥልጣኑ ለሌላው ይተላለፋል በሚለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለአባት ፈረዱ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ውሳኔውን ሻረ። መነሻው አንቀጽ 36(2)ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ይህ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር አስገዳጅ ሆነ።

ውሳኔው የአባትን መብት ሰረዘ ማለት አይደለም። ሕፃኑ ወላጆቹን የማወቅና በእነርሱ የመጠበቅ መብት በአንቀጽ 36(1) ተጽፏል። ለእንጀራ የተሰደደ አባት ሁሉም ልጁን ጥሎ የሄደ አይደለም። ቀለብ ይልክ ነበር? እየመጣ ይጠይቀው ነበር? ልጁን የሚፈልገው ትምህርት ቤት ሊያስገባው ነው ወይስ ሸማ ሥራ ላይ ሊያስቀምጠው? ልጁስ ምን ይላል? ዳኛው እነዚህን ሳይመረምር የወላጅነትን ማስረጃ ብቻ ተመልክቶ ሊፈርድ አይገባም።

ለዱቡሻውም ትምህርቱ ይኸው ነው። ሽማግሌዎች ከሩቅ ዳኛ ይልቅ የቤተሰቡን ኑሮ ያውቃሉ፤ አባትና አክስትን ማስታረቅም ይችላሉ። ሆኖም ልጁ እንደ መሬት ወይም እንደ ከብት በስምምነት የሚካፈሉት አይደለም። በዕርቁ ላይ ልጁ ይሰማ፤ የአሳዳጊነቱ ጉዳይም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይመርመር። እንዲህ ሲሆን ባህሉም ሕጉም ለአንድ ሕፃን ይቆማሉ።