ቀስ ብሎ የሚነዳበት ቅዳሜ

ዲትሮይት ዘመድ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ጉብኝታችሁን ነሐሴ አጋማሽ ላይ አድርጉት። በፈረንጆቹ ኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ፣ ውድዋርድ የሚባለው ጎዳና ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በአሮጌ መኪና ይጥለቀለቃል። ዝግጅቱ ውድዋርድ ድሪም ክሩዝ ይባላል። መግቢያ የለው፣ አሸናፊ የለው፤ ቀስ ብሎ መንዳትና የሚነዳውን ማየት ብቻ!

የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኔልሰን ሃውስ የተባለ የፈርንዴል ቧንቧ ሠራተኛ ለልጆች ኳስ ሜዳ ገንዘብ ላሰባስብ ብሎ ቢነሳ ሩብ ሚሊዮን ሰው ጎረፈለት። ሰዉን ያስወጣው ግን ሜዳው አይመስለኝም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የአካባቢው ወጣት ማታ ማታ ከአንዱ በርገር ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ ከመብራት እስከ መብራት ሲሽቀዳደም ያመሸው እዚሁ ጎዳና ላይ ነበር። የመኪና ፋብሪካ መሐንዲሶች ሳይቀሩ አዲስ ሞተር ይዘው ብቅ ይሉ ነበር።

ለተመልካች ጎዳናው ራሱ ያግዛል። መሀሉ ሰፊ አካፋይ ስለሆነ መኪኖቹ በመዞሪያው እየታጠፉ ይመለሳሉ፤ በዚያኛው በኩል ያለፈች ሙስታንግ ቆይታ ፊታችሁ ልትመጣ ትችላለች። ታጣፊ ወንበር ያዙ፤ ጠዋት ላይ ፀሐይ ከጀርባችሁ እንድትሆን በምሥራቁ ዳር ተቀመጡ። ግፊያ የማይወድ ሰው ሐሙስ ማታ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። የአሜሪካኑ ቪ ኤይት ሞተር በሁለት ረድፍ አራት አራት ሲሊንደር አለው፤ ረድፎቹ ግን ተራ ጠብቀው አይፈራረቁም፤ አንዳንዴ አንዱ ረድፍ ሁለቴ ተከታትሎ ይተኩሳል። በማርሚታው የሚወጣው ያ የሚንዶቀዶቅ ድምፅ የዚህ ውጤት ነው። ለፍጥነት ተብሎ ካምሻፍቱ የተቀየረለት ደግሞ በሚኒሞ ሲሠራ ሊጠፋ የደረሰ ይመስላል፤ ማስገቢያና ማስወጫ ቫልቮላዎቹ ለረጅም ጊዜ አብረው ስለሚከፈቱ የተቃጠለው ጭስ ከአዲሱ ነዳጅ ጋር ይደባለቃል። ሲፈጥን ይስተካከላል። እንግዲህ ይህን ሙዚቃ የሚሰማው መኪናው ሲያዘግም ብቻ ነው።

ለሾፌሩ ግን ማዝገሙ ፈተና ነው። ራዲያተሩ የለመደው የጉዞ ንፋስ የለም፤ በቺንጋ የሚዞረው ቬንቲሌተርም ሞተሩ ቀስ ሲል አብሮ ይሰንፋል። የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ! ያኔ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ካልሆነም በዚያ በነሐሴ ፀሐይ የመኪናውን ማሞቂያ መክፈት ነው። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚወስደው ከሞተሩ ውኃ ስለሆነ እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል፤ ሾፌሩ ይቀቀላል፣ ሞተሩ ይተርፋል። ቮልስ ያላቸው ወዳጆቼ «እኛ ራዲያተርም የለን» እያሉ ይመጻደቃሉ፤ የእነሱም ማራገቢያ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ መሆኑን አታስታውሷቸው። ፍሪሲዮን ላይ የምትሰነብተውን ግራ እግር ነገር አላነሳም።

ከዳር ቆሞ «ጎማ አጭስ!» የሚል አይጠፋም። አትስሙት፤ የሚቀጣው ሾፌሩ ነው።

ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ካያችሁ ጠጋ በሉ። ባለቤቱ ወይ ሞተሩን እያሳየ ነው፣ ወይ ፈልቶበት ነው፤ በሁለቱም ቢሆን ወሬ አይሰለቸውም።