መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?



ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። የ16 ዓመት የልጅ ልጃቸው በድብድብ ተከሶ ለወጣቶች ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ከሳኔጎሪያ ጺቡሪት ጠበቃ ተመድቦለት ነበር፤ እሳቸው ግን አልፈለጉትም። «ልጄ፣ ፖሊሱን መንግሥት ይከፍለዋል፣ ከሳሹንም መንግሥት ይከፍለዋል። ይሄኛውንም መንግሥት ከከፈለው ለማን ሊከራከር ነው?» አሉኝ። የእቁብ ገንዘባቸውን ለግል ጠበቃ ሊሰጡ ነው።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም እዚሁ አገር ተወልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ መልሱን በደንብ አላውቀውም ነበር።

ሳኔጎሪያ ጺቡሪት በፈረንጆች 1995 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለ መሥሪያ ቤት ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት ይምጣ እንጂ ጠበቃው የሚቆመው ለተከሰሰው ሰው ነው። ደንበኛው የነገረውን ምስጢር ያለ እሱ ፈቃድ ለፖሊስ አያወጣም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከእነዚህ ጠበቆች ብዙዎቹ የራሳቸው ቢሮ ያላቸው የግል ጠበቆች ናቸው፤ ሳኔጎሪያው ፋይል ይሰጣቸዋል። ስለዚህ በነፃ የተመደበልዎትና ጎረቤትዎ በውድ ዋጋ የቀጠሩት ጠበቃ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ!

መጠየቅ ያለበት ማን ይከፍለዋል ሳይሆን ምን ልምድ አለው ነው። በእስራኤል ሕግ የተማረ ሰው ስታዥ ሠርቶ፣ የሊሽካት ዖርኼ ሃዲንን ፈተና ካለፈ ፈቃድ ያገኛል። ፈቃዱ ለሁሉም ጉዳይ አንድ ነው፤ ለወንጀል ብቻ የሚሰጥ ሌላ ፈቃድ የለም። የቤት ግዢዎን ውል በደንብ የጻፈልዎት ጠበቃ የወንጀል ፋይል ይዞ አያውቅ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ቀድሞ በፕራክሊቱት የሠራ፣ ማለት ከሳሽ የነበረ ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እኔ ግን ጥቅም አለው እላለሁ፤ ከሳሹ ማስረጃውን እንዴት እንደሚመዝን ከውስጥ ያውቀዋል።

የልጅ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የወጣቶችን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያስፈልጋል። በወጣቶች ፍርድ ቤት ልጁ ጥፋቱን መሥራቱ ቢረጋገጥም፣ ዳኛው «ጥፋተኛ» ብሎ ሳይፈርድበት ጉዳዩን በሌላ መንገድ መጨረስ ይችላል። ለዚህ የክጺን ሚቭሓን ሪፖርት ትልቅ ቦታ አለው። ይህን መንገድ ያልለመደ ጠበቃ ልጁን ለሪፖርቱ ሳያዘጋጀው ሊቀር ይችላል፤ ጉዳቱ በኋላ፣ ለሠራዊትና ለሥራ ሲጠየቅ ይመጣል።

እና ጠበቃውን ሳያፍሩ ይጠይቁት። የወጣቶች ፋይል ይዘህ ታውቃለህ? በችሎቱ ቀን የምትመጣው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ትልካለህ? ዕብራይስጡ ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። ልጁ ገና ለምርመራ ሲጠራም ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ከጠበቃ ጋር መነጋገር መብቱ ነው። «እውነቱን ተናግረህ ቶሎ ና» ብላችሁ ብቻውን አትላኩት።

እኚያ እናት በመጨረሻ ከተመደበው ጠበቃ ጋር ተገናኙ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ከጥያቄያቸው የመጀመሪያው «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» የሚል ነበር። ሰውዬው ሳቀና 14 ዓመት፣ አብዛኛውም የወጣቶች ፋይል መሆኑን ነገራቸው። የእቁቡ ገንዘብ ከቤት አልወጣም።

ከፍርድ ቤት ወይም ከፖሊስ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ይዛችሁ ወደ ቢሯችን ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።