የሐኪም ዕረፍት

ልጁን ለሐኪምነት ያበቃ ቤተ ሰብ ደስታው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከደስታው ጋራ የሚመጣውን ሸክም አስቀድሞ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል፥ ቀድሞ ፊደል ያስቆጠርነውና ዛሬ በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የሚያገለግል ወጣት ሐኪም ቤት ተጋብዘን ነበር። ዶሮው ቀርቦ፥ ድፎው ተቆርሶ፥ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፥ ልጁ ቅዳሜ ጧት በ2 ሰዓት የገባበትን ተረኛነት ፈጽሞ እሑድ ከቀኑ በ7 ሰዓት መጣ። ከገበታውም ቀርቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጁ እንደ ያዘ አንቀላፋ። እናቱ እጅግ አዘኑ። «ከትንሣኤው ቅዳሴ ቀረ፤ አሁን ደግሞ በእንግዳ ፊት ይተኛል! ያስተማርነው ለዚህ ነውን?» አሉ። ባለቤቱ ግን ምንም ሳትናገር ጋቢ አለበሰችው።

እኛ የእናቱን ኀዘን ብንካፈልም ፍርዳቸውን አልተቀበልነውም። ሕመም በዓልን አያውቅም፤ ምጥም ሌሊትን አይፈራም። ስለዚህ ሌላው ሲተኛ የሚነቃ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም በተራው መተኛት ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ በሌላው አገርም ብዙ ያከራከረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በሆስፒታል ሳለች ስለ ሞተች፥ ያለ ዕረፍት የሚሠሩ ወጣት ሐኪሞች ነገር ተመረመረ። በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ሥራ በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ፤ በ2003 ይኸው ወሰን በመላው አሜሪካ ጸና። በ2004 በታተመ ጥናትም፥ ረጅም ተረኛነት የሚሠሩ ተለማማጅ ሐኪሞች ሰዓታቸው በተቀነሰ ጊዜ ከሚፈጽሙት ይልቅ ከሲሶ በላይ የሚበልጥ ከባድ ስሕተት እንደ ፈጸሙ ታወቀ። እንግዲህ የሐኪሙ እንቅልፍ ለበሽተኛው ሕይወት ጥበቃ እንጂ ስንፍና አይደለም።

ስለዚህ ሐኪም ያለበት ቤት ሥርዓቱን ከተረኛነቱ ጋራ ቢያስማማ መልካም ነው። የምሳው ግብዣ ወደ ራት ቢዛወር በዓሉ አይጎድልም። ዘመድ ሁሉም ለራስ ምታቱና ለወገቡ ሕመም በዕረፍቱ ቀን ስልክ ባይደውልበት ታላቅ ስጦታ ይሆንለታል።

ሐኪሙም ድርሻ አለው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ስለማይበቃው የዕረፍቱን ቀን በግል ክሊኒክ የሚያሳልፍ ብዙ ነው፤ ችግሩን እናውቃለን፤ ሆኖም ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለልጁ ጨዋታ፥ ከባለቤቱ ጋራ ለእግር መንገድ፥ ከባልንጀሮቹ ጋራ ለኳስ ቢያስቀር እርሱም ይታደሳል። እንቅልፍ ሥጋን ያሳርፋል፤ ጭንቀት የበዛበት ልብ ግን ጨዋታም ይሻል።

ወጣቱ በ12 ሰዓት ግድም ነቃ። እንግዳው መሄዱንም አይቶ አፈረና፥ «የኔታ፥ ይቅር ይበሉኝ። ሌሊቱን ሦስት እናቶች ወለዱ፤ አንደኛዋ ብዙ ደም ፈሷት ነበርና ከአጠገቧ መለየት አልቻልሁም» አለን።

እናቱም፥ «ታዲያ ተረፈች?» ብለው ጠየቁት።

«ተርፋለች፥ እማዬ።»

እርሳቸውም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተነሥተው ወጡን ዳግመኛ አሞቁለት።