ሥራን “እንከን የለሽ” ለማድረግ ሲባል የሚጠፋው ገንዘብ
የስሜት ብልህነት ፍርሃትን ከሥራ ቡድን ውስጥ እንዴት ያስወጣል?

በየመሥሪያ ቤቱ “ሥራው ላይ ጥንቁቅ ነው፤ ስህተት አይወድም” የሚባል ሠራተኛ ይመሰገናል። ምስጋናውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥንቁቅ የተባለ ሰው ያላለቀ ሥራ ለማንም ማሳየት የሚያፍር፣ ስህተት ሲያገኝ የሚደብቅ፣ ባልደረባው የሠራውን ሁሉ “እኔ ካላየሁት” እያለ እንደገና የሚሠራ ከሆነ፣ ጥንቃቄው ለድርጅቱ ትርፍ መሆኑ ይቀርና ወጪ ይሆናል። ይህ ወጪ በሒሳብ መዝገብ ላይ ራሱን ችሎ ስለማይጻፍ ብዙ ባለንብረቶች አያዩትም። የሚያዩት ውጤቱን ነው፦ የዘገየ ክፍያ፣ ያመለጠ ጨረታ፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ።

ፈረንጆቹ “ፐርፌክሽኒዝም” የሚሉትን ይህን ጠባይ እኛ “ፍጹማዊነት” ብንለው ያስኬዳል። ጥሩ ሥራ መውደድና ፍጹማዊነት ግን አንድ አይደሉም። ጥሩ ሥራ የሚወድ ሰው ዓይኑ ሥራው ላይ ነው፤ ፍጹማዊው ግን ዓይኑ ሰው ስለ እርሱ በሚለው ላይ ነው።

ሦስት ዓይነት ፍጹማዊነት

በካናዳ የሚሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ጉዳዩን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ሰው ራሱን ከራሱ እንከን የለሽ ሥራ የሚጠይቅበት ነው። ሁለተኛው ሌላውን፣ ማለትም የበታቹን ወይም ባልደረባውን፣ እንከን የለሽ እንዲሆን የሚያስጨንቅበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ “ሰዎች ከእኔ እንከን የለሽነትን ይጠብቃሉ፤ ብሳሳት ይንቁኛል” ብሎ የሚኖርበት ነው።

ይህ ሦስተኛው ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የይሉኝታ የቅርብ ዘመድ ነው። “ምን ይሉኛል” የሚለው ሐሳብ በጎረቤት ዘንድ ሰውን ከነውር እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰውን ከመጠየቅ ያግዳል። ያልገባውን “አልገባኝም” እንዳይል፣ የተሳሳተውን “ተሳስቻለሁ” እንዳይል አፉን ይይዘዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ የተደበቀ ስህተትም አራሚ አያገኝም።

ፍጹማዊነት ቢያንስ የተሻለ ሥራ ያመጣል የሚል ክርክር ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 95 ቀደምት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ይህን አይደግፍም። ፍጹማውያን ሠራተኞች ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራሉ፤ ለሥራቸውም ትጋት አላቸው። ይሁንና ውጥረቱና መሰላቸቱም በዚያው ልክ ይበዛባቸዋል። በሥራ ውጤት ረገድ ግን ከሌላው ሠራተኛ የሚበልጡበት ነገር አልታየም። በአጭሩ ድካሙ ይጨምራል፣ ምርቱ ባለበት ይቆማል።

ምሳሌ ከወጪ ንግድ

ነገሩን በገንዘብ ለማየት በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሸጥ አንድ የቡና ላኪ ድርጅት እንውሰድ። ይህ ምሳሌ ለማስረዳት የቀረበ እንጂ የአንድ የተወሰነ ድርጅት ታሪክ አይደለም፤ ደንቡ ግን እውነተኛ ነው።

መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ ሁለት ቀነ ገደቦችን አስቀምጧል። በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ላኪው ሰነዶቹን ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንስቶ በ21 ቀናት ውስጥ ለባንክ ማቅረብ አለበት፤ የሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ማብቂያም ሊያልፍ አይገባም። ባንኩ በበኩሉ ሰነዶቹን ለመመርመር ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። ጉድለት ካገኘና ካልተቀበለ፣ ያገኛቸውን ጉድለቶች በሙሉ ዘርዝሮ ማሳወቅ ይኖርበታል። ላኪውም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አስተካክሎ መልሶ ማቅረብ ይችላል።

አሁን ሁለት ሠራተኞችን እናወዳድር። የመጀመሪያዋ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉንና ሌሎቹን ሰነዶች አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አመሳክራ በ7ኛው ቀን አስገባች። ባንኩ የጆንያው ብዛት በሁለት ሰነዶች ላይ እንደማይገጥም በ14ኛው ቀን ገደማ አሳወቀ። ለማስተካከል አንድ ሳምንት ቀርቷታል።

ሁለተኛዋ ሠራተኛም ሰነዶቹን በ6ኛው ቀን ጨርሳለች። “እንደገና ልየው” እያለች ግን እስከ 19ኛው ቀን ያዘችው። ባንኩ ያንኑ የጆንያ ልዩነት ሲያሳውቃት 21ኛው ቀን አልፏል። ከእንግዲህ ክፍያው በገዢው ፈቃድ ላይ የሚንጠለጠል ይሆናል። የቡና ዋጋ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ገዢው “ቅናሽ አድርጉልኝና እቀበላለሁ” ለማለት በር ተከፈተለት።

ሁለቱም ሠራተኞች አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተዋል። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ስህተቱ ሊታረም በሚችልበት ጊዜ እንዲታይ ማድረጓ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ላለመሳሳት ስትል የማረሚያውን ጊዜ መብላቷ ነው። ሁለተኛዋ ደንቡን ሳታውቅ ቀርታ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ባለፈው ጊዜ ሰነድ ሲመለስባት ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተቆጥቷት ይሆናል። ያቺን ቀን ላለመድገም ሰነዱን አቅፋ ተቀመጠች። ችግሩ የሰነድ ዕውቀት ሳይሆን የፍርሃት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ድርጅቶች መፍትሔ ብለው የሚጨምሩት ሌላ ተቆጣጣሪና ሌላ ፊርማ ነው። ይህም ቀኑን ይበልጥ ያሳጥረዋል።

ስህተት ያልተሰማበት ቢሮ ሁሉ ስህተት የሌለበት አይደለም

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት በሁለት ሆስፒታሎች ውስጥ 8 የሕክምና ክፍሎችን ተመልክታለች። የጠበቀችው በጥሩ ሁኔታ የሚመሩ ክፍሎች አነስተኛ የመድኃኒት ስህተት እንደሚኖራቸው ነበር። መዝገቡ ያሳያት ግን ተቃራኒውን ነው፤ በጥሩ የሚመሩት ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ምርመራው ሲቀጥል፣ በእነዚህ ክፍሎች ሠራተኛው ስህተትን ሳይፈራ ስለሚናገር እንጂ የግድ አብዝቶ ስለሚሳሳት አለመሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ ተገኘ። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተት ይደበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በአንድ አምራች ኩባንያ ውስጥ 51 የሥራ ቡድኖችን አጥንታ፣ አባላቱ ሳይፈሩ የሚናገሩባቸው ቡድኖች ይበልጥ እንደሚማሩ አሳይታለች።

ስለዚህ “የእኔ ሠራተኞች ስህተት አይሠሩም” የሚል ሥራ አስኪያጅ ከመደሰቱ በፊት፣ ለመሆኑ ስህተት ሲሠሩ ይነግሩኛል ወይ ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የስሜት ብልህነት ምን ይሠራል?

“ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ” የሚለውን ሐሳብ በሳይንሳዊ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ፒተር ሳሎቪና ጆን ሜየር ናቸው። በ1995 ዳንኤል ጎልማን ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ስሙ ዓለምን አዳረሰ። መጽሐፉን ተከትሎ የመጣው ሞቅታ አንዳንድ የተጋነነ ተስፋ አስከትሏል፤ ብልህነቱ እንዴት ይለካ በሚለው ላይም ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። መሠረቱ ግን ቀላል ነው። ስሜትን መለየት፣ ለሥራ መጠቀም፣ ምክንያቱን መረዳትና መምራት የሚሉ አራት ችሎታዎች ናቸው። እነዚህ በፍጹማዊነት ላይ እንዴት እንደሚሠሩ በየተራ እንይ።

መለየት፦ ፍጹማዊነት ራሱን “ፈርቻለሁ” ብሎ አያስተዋውቅም። “እያየሁት ነው”፣ “ትንሽ ቀርቶኛል”፣ “ሌላ ሰው ባይነካው ይሻላል” በሚሉ ቃላት ነው የሚመጣው። ሥራው በየጊዜው በመጨረሻዋ ሰዓት የሚደርስ፣ በስብሰባ ላይ ጥያቄ የማይጠይቅ ጎበዝ ሠራተኛ ካለዎት ይህን ይጠርጥሩ።

መጠቀም፦ ሥጋት ሁሉ ክፉ አይደለም። “አንድ ነገር ያስፈራኛል” የሚል ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሌላው ያላየውን አደጋ አይቷል። በሥራው መጀመሪያ ላይ “የሚያሳስባችሁ የቱ ክፍል ነው?” ብሎ መጠየቅ ፍርሃቱን ወደ ማመሳከሪያ ዝርዝር ይቀይረዋል።

መረዳት፦ ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰውዬው ከራሱ ነው የሚጠብቀው ወይስ ከአለቃው የሚፈራው? ለስህተት ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ መደበቁ ጠባይ ሳይሆን ሒሳብ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሠራተኛውን ከመምከር ደንቡን መለወጥ ይቀድማል።

መምራት፦ ትልቁ ፈተና የአለቃው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠራተኛዋ ስህተት ይዛ ስትመጣ “እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?” ከተባለች በሚቀጥለው ጊዜ አትመጣም። “እንኳን ነገርሽኝ፤ ስንት ቀን አለን?” ከተባለች ግን ሁለት ነገር ይገኛል፤ ችግሩ ይፈታል፣ ቀጣዩም ችግር በጊዜ ይሰማል። ቁጣው የሚመጣበትን ሥራ አስኪያጅ ማንም አይወቅሰውም፤ ተናግሮት ከመውጣቱ በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ መግዛት የእርሱ ሥራ ነው።

ነገ ሊጀመር የሚችል

በመጀመሪያ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት “በቂ” ማለት ምን እንደሆነ ተነጋግሮ መወሰን ነው። በሰነዱ ላይ የገዢው ስም፣ መጠኑ፣ ዋጋውና ቀኑ ምንም መዛነፍ የለባቸውም። አብሮት የሚሄደው ደብዳቤ ግን ግልጽ ከሆነ ይበቃል። ሁሉም ነገር እኩል ከጠነከረ፣ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ቦታ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል።

ሁለተኛ፣ ሥራ በግማሽ ይታይ። “ረቂቁን ማክሰኞ አሳየኝ፤ የተጠናቀቀውን ዓርብ” የሚል ቀጠሮ ያላለቀ ሥራ ማሳየትን ከውርደት ወደ ልማድ ይለውጠዋል።

ሦስተኛ፣ እርማት ለሥራው እንጂ ለሰውየው አይሰጥ። በአገራችን ግምገማ የሚባለው መድረክ ለብዙ ሠራተኛ የሚያስታውሰው የሥራ ትምህርትን ሳይሆን ሰው በሰው ፊት መተቸትን ነው። ሥራው በሁሉም ፊት ቢታይ ደግ ነው፤ የሰውየው ድክመት ግን በሩ ተዘግቶ ለብቻው ይነገረው።

ለዚህ አሠራር እንግዶች አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ቃሉን ለምደውታል። ቃሉ በጃፓንኛ መሻሻል ማለት ነው፤ አሠራሩም በአንድ ጊዜ ፍጹም መሆንን ሳይሆን ደረጃ በደረጃ መሻሻልን ይጠይቃል። በቶዮታ ፋብሪካዎች አንድ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ በመሳብ ወይም አዝራር በመጫን ያሳውቃል፤ የቡድን መሪው ይደርስለታል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በጥራቱ የሚታወቀው ኩባንያ ጥራቱን ያገኘው ጉድለት የለም በማለት ሳይሆን ጉድለትን ለመናገር ቀላል በማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለግድየለሽነት ፈቃድ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የመድኃኒት መጠን፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ የባንክ ሒሳብ “በቂ ነው” በሚል የሚታለፉ አይደሉም። እነዚህ ሙያዎች ራሳቸው ማመሳከሪያ ዝርዝርና ሁለተኛ ዓይን የሚጠቀሙት ግን ሰው መሳሳቱ አይቀርም ብለው ስለተነሱ ነው። እንዲሁም ሥልጠና ያልተሰጠውን ወይም የሦስት ሰው ሥራ የተጫነበትን ሠራተኛ በስሜት ብልህነት ብቻ መርዳት አይቻልም፤ የሚያስፈልገው ሥልጠናና ተጨማሪ ሰው ነው።

ባለንብረትም ሆነ ሥራ አስኪያጅ ይህን በቀላሉ ሊፈትን ይችላል። ባለፈው ወር ሠራተኛው ራሱ ቀርቦ የነገራቸውን ስህተቶች፣ ደንበኛ ወይም ባንክ ካገኛቸው ስህተቶች ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያስተያያቸው። ሁለተኛው ዝርዝር ከረዘመ፣ ድርጅቱ ዝምታውን በውድ ዋጋ እየከፈለበት ነው ማለት ነው።